የድሮ መልክ ያለው የበረዶ ስፕሪስ ፖስተር፦ ለኮምቦልቻ ፀሐይና ለደሴ ጉም የትኛው ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ የበረዶ ስፕሪስ መሸጥ በጀመረች ሰሞን ከኢንተርኔት ያወረደችውን ሥዕል በስልኳ አሳየችኝ። ጥንት የታተመ የሚመስል ፖስተር ነው። መደቡ ክሬም፣ ቀለሙ ቀይና ሰማያዊ፣ አሸዋ ላይ የተተከለ ጃንጥላ፣ ከፊቱ ሰው የሚያህል የአይስክሬም ኮን። እንግሊዝኛውን በስልኳ አስተርጉማ «የክረምት ጣፋጭ» ብላ ጽፋበታለች።

«ክረምት ላይማ ማን ሊገዛሽ ነው?» አልኳት።

ያኔ ሁለታችንም ሳቅን። የፈረንጁ የሙቀት ወቅት በመዝገበ ቃላት ክረምት ይባላል እንጂ የእኛ ክረምት ዶፍ ነው። ኮምቦልቻ የምትግለው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ በረዶ ይጠይቅ የነበረ ሰው ሻይ ይጠይቃል። አሸዋውስ ቢሆን? ቦርከና ወንዝ ዳር ጃንጥላ ተክሎ የተጋደመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ፖስተሩን እንደ አዲስ ለማሠራት ስንዞር ሁለት ጊዜ ከሰርን። በመጨረሻ ሦስት ፖስተር ተሰቀለ፦ አንዱ ኮምቦልቻ ከበሩ በላይ፣ አንዱ ከቤቱ ውስጥ፣ አንዱ ደሴ እኔ ሳሎን። ሦስቱም የተሠሩበት ነገር ይለያያል። ከዚያ ወዲህ «በምን ላሠራው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የጻፍኩት። ዋጋ በብር አልጠቅስም፤ የቀለምና የፕላስቲክ ዋጋ እኔ ጽፌው እናንተ እስክታነቡት ሌላ ይሆናል። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እናገራለሁ።

መጀመሪያ መለኪያው

ሁሉን የሚወስነው «የት ይሰቀላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያች መንገድ ውስጥ የፖስተር ጠላት ይቀየራል። ኮምቦልቻ ላይ ጠላቱ ፀሐይና አቧራ ነው። በማተሚያ ቀለም ውስጥ ቀድመው የሚሸሹት ቀዩና ቢጫው ናቸው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ፊቷ ሰማያዊ የሆነች ሙሽራ ያለባት የፎቶ ቤት ማስታወቂያ አላያችሁም? እሱ ነው። የማንጎ ሥዕል ላይ ደግሞ ቀይና ቢጫ ከሸሹ ምንም አይቀርም።

ደሴ ላይ ጠላቱ ርጥበት ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ወረቀት ያብጣል፣ ኮምፔንሳቶ ንብርብሩ ይላቀቃል፣ መስታወት ከውስጥ ያልበዋል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አይጎዳም የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው ጨረር ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ደሴ ውጭ የሚሰቀል ነገር ሁለቱንም ጠላት መቻል አለበት።

ሁለተኛው መለኪያ ርቀት ነው። በታፔላ ሥራ የቆየ አንድ ልማድ አለ፦ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመንገዱ ማዶ፣ ከ12 ሜትር ላይ፣ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ልማዱ ግን ለላቲን ፊደል የወጣ ነው። የእኛ «ማ» እና «ሞ»፣ «ሪ» እና «ራ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ስለሆነ እኔ ሲሶ እጨምርበታለሁ።

ሦስተኛው ብዛት ነው። አንድ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ ወይስ ለአከፋፋይ፣ ለሱቅ፣ ለጓደኛ የሚታደል ሃምሳ? አራተኛው የሚለዋወጥ ነገር መኖሩ ነው። ይህን ሰው ይረሳዋል። ዋጋ ይለወጣል። ከዚያም በላይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሚውለውም ሙቀቱ በሚጀምርበት ወራት ነው። ወተት የሌለበት የፍራፍሬ በረዶ በዚያ ወቅት የሚሸጥ ነገር ነው፤ ግን ፖስተሩ ላይ ነጭ ክሬም ጫፉን ከከመራችሁበት ጿሚው ሳይጠይቅ ያልፋል። በረመዳን ደግሞ ሽያጩ ከመግሪብ በኋላ ነው፣ ሰዓቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ ሁለቱንም ደንበኛ ያላሰበ ፖስተር ግማሽ ፖስተር ነው። ስለዚህ ከታች አንድ ባዶ መስመር የሚተውለት፣ ተጽፎ የሚጠፋበት ዘዴ ያለው ይመረጣል።

አምስተኛውና እኔን የሚያሳስበኝ፣ የድሮ መልኩ ከምን እንደመጣ ማወቅ ነው። በድንጋይ ላይ ሥሎ ማተምን የፈለሰፈው አሎይስ ዜነፌልደር የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1796 ገደማ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፓሪስ ውስጥ ዡል ሼሬ ባለ ብዙ ቀለም ፖስተርን ለጎዳና አበቃው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ ይዘጋጅ ነበር፤ ቀለም በተጨመረ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ሠዓሊው በሦስት በአራት ቀለም ሁሉን መናገር ግድ ሆነበት። ሰፋፊ ጠፍጣፋ ቀለም፣ አንድ ትልቅ ነገር መሐል ላይ፣ ከሥዕሉ ጋር አብሮ በእጅ የተሣለ ፊደል፤ ዛሬ የድሮ መልክ የምንለው ከዚህ ቁጠባ የተወለደ ነው። እና አሥራ ሁለት ቀለም አድርጋችሁ፣ ከላዩ ላይ የወረቀት መቀደድና የመታጠፍ ምልክት በኮምፒዩተር ብትጨምሩ የድሮ አይሆንም። አዲስ ጫማ ገዝቶ አቧራ እንደ መቀባት ነው።

ምኑ ይሣል?

ይህ የንጽጽሩ አካል አይደለም ብላችሁ አትዝለሉት፤ የምትመርጡት ማተሚያ ከዚህ ይወጣል። ሌላው አገር በረዶውን ሲሥል የሚሥለው ዕቃውን ነው። ኒው ኦርሊንስ የተፈጨ በረዶ ሽሮፕ ፈሶበት፤ ሲሲሊ ግራኒታ በብርጭቆ ከዳቦ ጋር፤ ሜክሲኮ የሚቾአካን ሰዎች ስሙን ያስጠሩት ፓሌታ በእንጨት ላይ፤ ሺራዝ ፋሉዴ ከነቀጫጭን የስታርች ክሩ። ያየው ሰው ሳያነብ ከየት እንደሆነ ያውቃል።

የኛስ? ስፕሪስ ነው። ከታች አቮካዶ፣ መሐል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ በብርጭቆ ውስጥ ሳይቀላቀል የሚቆም። የእህቴ ልጅ ይህንኑ ነው በጠባብ ኩባያ አድርጋ፣ እንጨት ተክላ የምታቀዘቅዘው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፤ ሦስት ጠፍጣፋ ቀለም አንዱ ባንዱ ላይ። ማንም ዲዛይነር አስቦ ሊያመጣው የማይችለው ለፖስተር የተፈጠረ ነገር ነው። ከጀርባው የጦሳ ጥላ ወይም የሐረጎ ጥምዝ አንድ ነጭ መስመር ሆኖ ቢያልፍ ይበቃል። ውኃ ካማራችሁ ሐይቅ ቅርብ ነው። ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ የሚነሣው ከኮምቦልቻ ነውና አንድ ግመል ብርጭቆውን ሲያይ ቢሣልም አልጠላም። ጀበናና መሶብ ግን እባካችሁ ይቅር፤ በረዶ ነው የምትሸጡት።

በእጅ የተሣለ ታፔላ

ከሁሉ ረጅም የምጽፍበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሰው «ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ ሳያየው የሚያልፈው እሱ ነው። ታፔላ፣ ላሜራ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስቱኮ፤ የሙያው ቃል ራሱ ጣልያንኛ ነው፣ እንደ መንገዱ ሁሉ። የድሮ መልክ ከፈለጋችሁ የድሮውን ዘዴ እስካሁን በእጁ የያዘ ሰው ከተማው ውስጥ እያለ በኮምፒዩተር ማስመሰል ለምን?

ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ላሜራ ነው የሚመረጠው። ከኋላው በቱቦላሬ ፍሬም ካልተያዘ ንፋስ ያርገበግበዋል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። ጸረ ዝገት ከፊትም ከኋላም፣ በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ መቀባቱን ቆማችሁ እዩ፤ ዝገት የሚጀምረው ከጠርዝና ከሚስማር ቀዳዳ ነው። ከዚያ መደቡ ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ይቀባል፣ በመካከሉ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ሠዓሊው ቸኩሎ ባልደረቀ ላይ ከደገመ በሰኔ ፀሐይ ቀለሙ ይኮማተራል። በሐምሌ ካሠራችሁ ደግሞ አይደርቅም፣ ሳምንቱ ሦስት ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ በየካቲት እዘዙ፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ይደርሳል።

ዋናው ጉዳይ ሠዓሊው ነው። ሁሉም ብርጭቆ ይሥላል፤ ፊደል የሚጥል ግን ጥቂት ነው። ትናንት የጨረሰውን አያሳያችሁ። «ከሦስት ዓመት በፊት የሠራኸው የት ተሰቅሏል?» በሉና ሄዳችሁ እዩ። እኛ የሄድንበት ሽማግሌ ይህን ስንጠይቃቸው ደስ አላቸው። አንድ የሥጋ ቤት ታፔላ አሳዩን፤ ቀዩ ገርጥቷል፣ ፊደሉ ግን እንዳለ ነው። «ጋሼ፣ የኛም ቀይ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው?» ብትላቸው «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ እስካለሁ መጥቼ እደግመዋለሁ» አሏት። የባነር ቤት እንዲህ አይልም። ሲገረጣ ሌላ ግዙ ነው የሚለው።

የእጅ ሥራ እንከኑ ግልጽ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ሥራ ነው፣ መልኩም አንድ አይሆንም። ከኤ2 መጠን (42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር) በታች ብሩሹ ስለሚወፍር ዝርዝር አይወጣም። ዋጋው ከባነር ብዙ እጥፍ ነው። ኮምፔንሳቶ ላይ ካሠራችሁት ይረክሳል፤ ግን ለቤት ውስጥ ብቻ፣ ለዚያውም ጠርዙ በቀለም ተደፍኖ።

ባነር

ነገ ለሚከፈት ቤት፣ ለአንድ ወቅት፣ ለባዛር። ዋጋው በካሬ ሜትር ነው፣ በዕለቱ ይደርሳል፣ ይጠቀለላል። ስስና ወፍራም አለው፤ ካሬ ሜትሩ በሚመዝነው ግራም ስለሚለካ ግራሙን ጠይቁ፣ 280 እና 440 መካከል ያለው ልዩነት በንፋስ ቀን ይታያል። ጠርዙ ታጥፎ መበየዱንና የብረት ቀለበቶቹ በየግማሽ ሜትሩ መሆናቸውን እዩ።

ለድሮ መልክ ግን አይመችም። ያብለጨልጫል፤ ክሬም የነበረው መደብ በፀሐይ ሲያዩት እንደ ላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ነው። የማያብረቀርቅ ካለ እሱን ጠይቁ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሰቅላችሁ ለክረምቱ አውርዱት፤ እንደዚያ ከያዛችሁት ሁለት ሦስት ወቅት ያገለግላችኋል። ዓመቱን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ ከተዋችሁት ማንጎው ይሰወራል።

የመጀመሪያው ኪሳራችን እዚህ ነበር። ዲዛይኑን አንድ ቦታ አሠርተን ሌላ ቦታ አሳተምነው። «በረዶ» የሚለው ቃል የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ወጣ። ምክንያቱን ከታች ስለ ፊደል ስናወራ እመለስበታለሁ።

ስቲከር በሰሌዳ ላይ

በመስታወት በር ላይ፣ በፍሪጁ ፊት፣ ከቤቱ ውስጥ ባለ ግድግዳ ላይ ጥሩ ነው። ማት ላሚኔሽን፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ስስ የላስቲክ ሽፋን፣ ከተደረገበት ብልጭታው ይጠፋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የስፕሪስ ቤት ግድግዳ ምን እንደሚረጭበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከላሚኔሽኑ በላይ በነጭ ሰሌዳ ብዕር ተጽፎ ስለሚጠፋ «ዛሬ የጾም አለ» የሚለውን ባዶ መስመር በጣም ያመቸዋል፤ ብቻ ሳትሰቅሉት ጥግ ላይ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ማት ቀለሙን ይጠጣል። የእህቴ ልጅ ውስጥ ያደረገችው ይህንን ነው። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ጠርዙ ይቆለመማል።

ወረቀት በፍሬም

ለሳሎን፣ ለካፌ ውስጥ፣ ለስጦታ። የድሮ ፖስተር ወረቀት ነበርና መልኩ እዚህ ላይ ያምራል። 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ የማያብረቀርቅ ወረቀት፣ ከተገኘም ትንሽ ክሬም ያለው ይሁን። ያን ጊዜ መደቡን ማተም አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ራሱ መደብ ይሆናል። የሚያትመው ቤት ፒግመንት ቀለም ካለው እሱን ምረጡ፣ ከዳይ ቀለም ይልቅ ብርሃን ይችላል።

ደሴ ላይ ፍሬም ስታሠሩ ልብ በሉ። ፍሬም ሠሪው ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ይሰጣችኋል፣ ልማዱ ነው። በክረምት መስታወቱ ሲያልበው ወረቀቱ ይጣበቃል፤ ሲነሣ ቀለሙ ይዞ ይነሣል። ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል የካርቶን ጠርዝ እንዲያስገባላችሁ ጠይቁት፤ መስታወትና ወረቀት እንዳይነካኩ። ከኋላው በካርቶን ከመዝጋት በፊት አንድ ቀን ደረቅ ቤት ይዋል። በጉም ወገን ባለ የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ የቤት ውስጥ ግድግዳ ምረጡለት። እኔ ይህን የተማርኩት በሁለተኛው ኪሳራ ነው፤ የመጀመሪያው ወረቀት እስከ ነሐሴ እንኳ አልደረሰም።

መጠኑን አስቀድማችሁ ከፍሬም ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ኤ3 (29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር) በየትም ይታተማል። ሳሎን ላይ ሞገስ ያለው ግን 50 በ70 ነው።

ሸራ ላይ ማተምንም የሚያቀርቡላችሁ አሉ። ለሠርግ ፎቶ ይሁን። ሸራ የቅብ ሥዕልን ነው የሚያስመስለው፣ ፖስተርን አይደለም፤ ከወረቀት ይበልጥ ተከፍሎበት የድሮ መልኩን ያጠፋዋል።

ስክሪን ፕሪንት

ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ ወረቀት ላይም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ግን አይጠይቃቸውም። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የተወጠረ ጨርቅ ይዘጋጃል፣ ቀለሙ በዚያ ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1943 በነበረው የመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ሠዓሊዎቹ ብዙ ፖስተር ያወጡት በዚህ ዘዴ ነበር፤ ዛሬ «ሬትሮ» ተብሎ የሚወርደው ዲዛይን ብዙው የእነዚያ ልጅ ነው።

ወጪው መነሻው ላይ ነው ያለው። ለአንድ ቅጂ የማይታሰብ፣ ለሠላሳ ቅጂ የሚቀመስ፣ ለመቶ ቅጂ ርካሽ ነው። የስፕሪሱ ሦስት ቀለምና አንድ ጥቁር፣ አራት ጨርቅ። ያው ጨርቅ ለሠራተኛዋ ቲሸርትና ለወረቀት ከረጢቱ ያገለግላል፤ የቀለሙ ዓይነት ብቻ ይቀየራል። ቀለሞቹ አንዳንድ ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ አትቆጡ፣ የድሮ መልክ የሚባለው አንዱ እሱ ነው። በሦስት ሚሊ ሜትር ከተዛነፉ ግን መልሱላቸው።

ኦፍሴት ማተሚያ ለሺዎች ነው። ለአንድ ቤት ፖስተር አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አያስፈልግም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | ወጪ (ለአንድ) | ኮምቦልቻ ውጭ | ደሴ ውጭ | ቤት ውስጥ | የድሮ መልክ | ማስተካከል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የእጅ ሥዕል በላሜራ | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ጠርዙ ከተደፈነ | ይከብዳል | እውነተኛ | ይደገማል፣ ይታደሳል |
| የእጅ ሥዕል በኮምፔንሳቶ | መካከለኛ | አይሆንም | አይሆንም | ጥሩ | እውነተኛ | ይደገማል |
| ባነር | ዝቅተኛ | በሙቀቱ ወቅት ብቻ | በሙቀቱ ወቅት ብቻ | አይመከርም | ደካማ | አዲስ ማተም ብቻ |
| ስቲከር በሰሌዳ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | በጥላ ሥር ብቻ | በጥላ ሥር ብቻ | በጣም ጥሩ | ማት ከሆነ ጥሩ | ተጽፎ ይጠፋል |
| ወረቀት በፍሬም | መካከለኛ፣ ፍሬሙ ይበልጣል | አይሆንም | አይሆንም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ወረቀቱ ይለወጣል |
| ስክሪን ፕሪንት | ለአንድ ውድ፣ ለብዙ ርካሽ | አይሆንም | አይሆንም | በፍሬም ጥሩ | እውነተኛ | አይስተካከልም |

ማን ይሥለው?

ከኢንተርኔት የሚወርድ ዝግጁ ዲዛይን በነጻ ይገኛል፤ ጃንጥላውንና አሸዋውን ግን ይዞ ነው የሚመጣው። ከወሰዳችሁት ሥዕሉን ትታችሁ የቀለም አመራረጡንና የቦታ አከፋፈሉን ብቻ ውሰዱ። የእውነተኛ ድሮ ፖስተር መጠቀም ካማራችሁ መብቱን እዩ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ብዙ አገር ደግሞ 70 ነው። ሼሬ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1932፣ ሌላው ስመ ጥር የፖስተር ሠዓሊ አልፎንስ ሙካ በ1939 ነው፤ እነሱ ነጻ ናቸው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠራትም አለ። ብርጭቆውን አሳምሮ ይሥላል። ፊደሉን ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ይፈጥራል፦ ሀም ለም ያልሆነ፣ ከሩቅ ግዕዝ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት የማንም ያልሆነ። ሥዕሉን ብቻ ያለ ጽሑፍ አውጡና ፊደሉን ሰው ይጻፈው።

ለዲዛይነር ስትከፍሉ ፋይሉን በእጃችሁ ተቀበሉ። በ3508 በ4961 ፒክስል የተሠራ ሥዕል ኤ3 ላይ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥርት ይላል፤ ያው ፋይል ኤ1 ላይ በ150 ዲፒአይ ይወጣል፣ ከሁለት ሜትር ለሚታይ ነገር ይበቃል። በዋትስአፕና በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል ግን ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ።

ፊደሉ

የላቲን ድሮ ፖስተር ትልቁን ፊደል ከትንሹ እያጋጨ ይጫወታል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ያለን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ ቤት ነው። ስለዚህ «ስፕሪስ» አራቱ ፊደል ከላይ ወደታች፣ ከብርጭቆው ጎን፣ እንደ ምሰሶ ቢደረደር ይነበባል፤ ፈረንጁ ይህን ሲያደርግ ቃሉ ይፈርስበታል። «በረዶ» ደግሞ ሦስት ፊደል ነው፣ ሰፊና ድልድል ሆኖ ከላይ መቀመጥ ይችላል። ሠዓሊው ወፍራሙን ምት ቁልቁል፣ ቀጭኑን አግድም ከጣለው የብራናው ወዝ ይመጣል።

በኮምፒዩተር ከሆነ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት የፊደል ዓይነቶች ወፍራምና ቀጭን ምት ስላላቸው ለድሮ መልክ ይቀርባሉ። ኖቶ ሳንስ ንጹሕ ነው፣ ለዋጋ መስመሩ ይሁን። የኛን ባነር ያበላሸው ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ያልሆነ የቆየ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው፤ ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ከመውሰዳችሁ በፊት «ፊደሉን ከርቭ አድርገው» በሉት፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ሥዕል ይሆናል፣ የትም ቢከፈት አይለወጥም። ከዚያ ሙከራውን በኤ4 አትማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከእናንተ ሌላ ሰውም ያንብበው፤ የጻፈ ሰው የራሱን ግድፈት አያይም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ኮምቦልቻ ላይ በቋሚነት የምትሠሩና የቤቱ ውል ከዓመት በላይ ከሆነ፣ ከበሩ በላይ ላሜራ አሠሩ፣ ውስጥ ደግሞ ስቲከር። የቤቱ ውል አጭር ከሆነ ላሜራውን በቡሎን እንጂ በብየዳ አታሳስሩት፣ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ከከተማው አስተዳደር የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ መጠየቁን ከሥራው በፊት አድርጉት፤ መጠኑን ሊያስቀይሯችሁ ይችላሉ።

ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ባነር አትግዙ። በእርሱ ፈንታ ኤ2 የሚያህል ስቲከር በሰሌዳ፣ ከበረንዳው ጥላ ሥር፤ ከባነሩ ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፣ ግን ለክረምቱ ሳይወርድ ሁለተኛ ዓመት ያያል።

ደሴ ፒያሳ ወይም ሙጋድ አካባቢ ካፌ ያላችሁ፣ አይስክሬሙ ከቡናው ጎን የሚሸጥ ከሆነ፣ ወደ ውጭ ምንም አትስቀሉ። በጉም ቀን የበረዶ ሥዕል ደንበኛ ያባርራል። ውስጥ፣ ከመቀመጫው በላይ፣ 50 በ70 ወረቀት በፍሬም አድርጉ።

ለቤታችሁ ጌጥ ወይም ለውጭ አገር ዘመድ ስጦታ ከሆነ፣ ከአምስት ከስድስት ሰው ጋር ተዋጡና ስክሪን ፕሪንት ሠላሳ አሳትሙ። ሳይታጠፍ በቱቦ ተጠቅልሎ ይላካል።

ላሜራውን ያሠራችሁ፣ ሒሳቡን ስትዘጉ ከእያንዳንዱ ቀለም የተረፈውን በትንሽ ጣሳ ተቀበሉ፤ ክዳኑ ላይ የቀለሙን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ጭረት በመጣ ጊዜ ያንኑ ብርቱካንማ ከገበያ አታገኙትም። የእህቴ ልጅ አራቱን ጣሳ ከፍሪጁ ኋላ ነው ያስቀመጠችው። አረንጓዴው ባለፈው ሚያዝያ ተከፍቷል፤ የጭነት መኪና መስታወት የአቮካዶውን ጥግ ገጭቶት ነበር።